ቦቃን ማን ወሰደው

መዲና የላከችልኝ ረቂቅ ከከሚሴ የመጣው በአውቶቡስ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭኖ ነው፤ ከመናኸሪያ ተረክቤው ታክሲ ውስጥ ስገባ ሽታው ቀድሞኝ ገባና ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝ። ቤት ደርሼ መጠቅለያውን ስፈታ የወረቀቱን ክምር ያሰረችበት ነገር ክር ወይም ላስቲክ አልነበረም። ከአሮጌ ሻሽ የተቀደደ፣ ጠርዙ የተተለተለ አረንጓዴ ጨርቅ ነበር። ብዙ ነገር አይቶ አለመደንገጥ ሥራዬ ነው፤ ያንን ጨርቅ ግን ቶሎ ልፈታው አልቻልኩም፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አየሁት።

አብሮ አደጌ መዲና ከሚሴ ውስጥ አስተማሪ ናት። የላከችልኝ ለልጆች የጻፈችውን የመጀመሪያ መጽሐፏን ነው፤ የጠፋ ሰንጋ የሚፈልጉ የሁለት ልጃገረዶች ታሪክ፣ የሚያስቅ የምርመራ ልብ ወለድ፤ ሁለቱ ልጃገረዶች እኛው ነን። መታሰቢያነቱን የሰጠችው «ሽፋኑ ስለተቀደደ ስሙን ሳናውቅ ላደግነው ለዚያ የጥንት የውጭ አገር ደራሲ» ነው። በስልክ ያለችኝ አጭር ነበር፤ «አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፤ የተዛነፈ ነገር ካገኘሽ በእርሳስ አርሚልኝ። በእስክሪብቶ ግን እንዳትነኪኝ።»

እርሳሴን ቀርጬ ጀመርኩ። ባጃጅ የሚለውን ሰርዤ ጋሪ አልኩ፤ እኛ ልጆች ሳለን ከሚሴ ባጃጅ አልነበረም። እኔ አጥር ዘልዬ እንደገባሁ ጽፋለች፤ አልዘለልኩም፣ በሩ ክፍት ነበር። ዝናብ ዘነበ ትላለች፤ የበጋ ወራት ነበር፣ የቦርከና ውሃ እንኳ ወርዶ ድንጋዩ ይታይ ነበር። እንዲህ እያልኩ፣ በየመሃሉም ብቻዬን እየሳቅሁ፣ ሌባው ብቅ እስካለበት ገጽ ድረስ ሄድኩ። እዚያ ላይ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ የሚገባው የሆነውን እንደሆነው ለሰማ ሰው ነው።

የመዲና አባት ጋሽ ይማም ከዋናው መንገድ ዳር፣ የጭነት መኪኖች ጎማቸውን ለማቀዝቀዝ በሚቆሙበት ግድም ልኳንዳ ቤት ነበራቸው። ሥጋ የሚጠቀልሉት ከደሴ ተገዝቶ በሚመጣ አሮጌ ወረቀት ነው፤ ጋዜጣ፣ የፈተና ወረቀት፣ አንዳንዴም ሙሉ መጽሐፍ። አምስተኛ ክፍል ሳለን መዲና ከዚያ ክምር ውስጥ ሽፋን የሌለው፣ ጠርዙ ደም የነካው፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ የምርመራ መጽሐፍ አወጣች። መርማሪው ዝናብ የማይለየው ከተማ ውስጥ የሚኖር፣ ጉንፋን ለቆት የማያውቅ ሰው ነበር፤ እኛም እሱን ለመምሰል በጨፋ ሸለቆ ሐሩር አንገታችንን በሻርፕ ጠቅልለን፣ ላብ እያጠመቀን፣ ሆን ብለን እንስል ነበር። እናቴ የምሬን መስሏት ሁለት ጊዜ ነጭ ሽንኩርት አስበልታኛለች።

መጽሐፉ አንድ ጉድለት ነበረው። መርማሪው ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ፣ አፍንጫውን ተናፍጦ፣ «ሌባው…» ሲል ያልቃል። የቀሩት ገጾች ከአንድ ደንበኛ ጉበት ጋር ሄደዋል። ጉበቱን የገዛው ማን እንደሆነ ጋሽ ይማምን ብናስጨንቃቸው፣ ቢላቸውን እየሳሉ «ለአላህ ብላችሁ ተዉኝ፤ ጉበት የገዛውን ሁሉ የማስታውስ መልአክ ነኝ?» አሉን። እሳቸው እንደዚያ ነበሩ፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ምላሳቸው ከቢላቸው የማያንስ።

ያ ምላስ ነው መዘዙን ያመጣው። አያ ሰይድ የሚባሉ ጎረቤታችን በከተማው ጫፍ፣ ግቢያቸው ከማሽላ ማሳ ጋር በሚዋሰንበት ቦታ ሰንጋ ያደልቡ ነበር። የዚያ ዓመት ሰንጋቸው ቦቃ ይባላል፤ ቀይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው፣ ሲሄድ መሬቱን የሚያስፈቅድ ይመስላል። ጋሽ ይማም ሊገዙት ቢደራደሩ ቢደራደሩ አልሆነም። አንድ ከሰዓት፣ መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሰይድ፣ በሬህን በቁሙ ካልሸጥክልኝ አንድ ቀን ቆዳውን ታገኘዋለህ» አሉ። አያ ሰይድም «አንተ ቆዳ ገፋፊ! ቦቃን የሚያርድ ቢላ ገና አልተሳለም» ብለው መለሱ። ሰው ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤ ሁለቱም እየሳቁ ተለያዩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቦቃ የለም። የእሾህ አጥሩ አንድ ጎን ተበርግዷል። እንደ ክፉ አጋጣሚ ጋሽ ይማም ያን ዕለት ጠዋት አንድ ቀይ በሬ አርደው ነበር፤ ቆዳውን ደግሞ ነጋዴው ሰብስቦ ወደ ኮምቦልቻ ጭኖታል። የትናንቱ ቀልድ ሳይውል ሳያድር ማስረጃ ሆነ። ወሬው ከአያ ሰይድ አጥር ተነስቶ ልኳንዳው ደጃፍ እስኪደርስ ቁርስ አልቀረበም ነበር። በዚያ ሳምንት የተሰቀለው ሥጋ ተሰቅሎ ዋለ፤ ጋሽ ይማም ዝንብ እያባረሩ በሩ ላይ ተቀመጡ፤ የሚያልፉት ሰዎች ሰላምታቸውን ሳያጓድሉ፣ ዓይናቸውን ብቻ ወደ አስፋልቱ እያሻገሩ አለፉ። መዲና አጠገባቸው ቆማ እያንዳንዱን አላፊ በስሙ ታውቀው ነበር።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። የሚመሯቸው አባባ እንድሪስ ነበሩ፤ የማስታረቅን ሥራ ከአባታቸው የወረሱ አባጋር፣ ከንጋት ሶላት ቀርተው የማያውቁ ሰው። ውሳኔው ቀላል ነበር፤ ጋሽ ይማም ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰው ፊት ቁርአን ይዘው ይምላሉ፣ ከማሉ ነገሩ ያልቃል፤ ካልማሉ በሬውን ይተካሉ፣ ከሰው ጋር ያላቸው ነገርም በዚያው ይቆረጣል። ሁሉም ይምላሉ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን አልምልም አሉ። አባታቸው ሲሞቱ የተናዘዙላቸው አንድ ቃል ነበረች፤ «በሐሰት የሚምል ይጠፋል፤ በእውነት የሚምል ደግሞ ይለምዳል። አትማል።» ቃሉን ለሽማግሌዎቹ ነገሯቸው። አንዳንዶቹ በሐዘን አንገታቸውን ነቀነቁ፣ የበዙት ግን ሌባ ላለመማል መቼም ምክንያት አያጣም ብለው ደመደሙ። የመዲና እናት ዕቃ መቋጠር ጀመሩ። ጨፋ ሮቢት ያለች እህታቸው ዘንድ ለመግባት ነው። ቢላዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ጥግ ላይ ተቀምጠው ያየሁ ዕለት፣ መዲና እስከ ዓርብ ሌባውን ካላገኘን ከሚሴን ለቃ እንደምትሄድ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ሻርፑ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

እንደ መጽሐፉ መርማሪ ከቦታው ጀመርን። የአያ ሰይድ በር ክፍት ነበርና ገብተን የተበረገደውን አጥር መረመርን፤ አንድ እሾህ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ክር ተንጠልጥሎ አገኘን። ሌባው አረንጓዴ ልብስ ለብሷል አልን። ከዚያ የተከተለውን መዲና ብዙ ገጽ ሰጥታዋለች፣ እውነት ነው፣ ያስቃል፤ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አረንጓዴ ካፖርት ነበራቸውና እስከ ሽንት ቤት ድረስ ተከታተልናቸው፣ እሳቸውም ከውስጥ ሆነው «እናንተ ልጆች፣ እዚህም ፈተና አለ?» አሉን። አንድ ሻይ ሻጭ፣ ሁለት ሾፌሮች፣ አንድ አረንጓዴ ጥምጥም የጠመጠሙ የቁርአን ቤት ደረሳ ጠረጠርን። ማናቸውም በሬ የሰረቀ ሰው ፊት አልነበራቸውም። ደግሞም በሬ እንደ ሸሚዝ አይደበቅም። የመዲና ሳል የእውነት ሆነ፤ ማታ ማታ እንቅልፍ እያጣች ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ትመጣ ነበር።

በሳምንቱ አጋማሽ የመዲና እናት ለቤት ጉዳይ ወደ ሮቢት ሲሄዱ እኛንም ወሰዱን፤ የገበያ ቀን ነበር። አቧራው፣ የከብቱ ሽታ፣ የማሽላው ክምር፣ አማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ የሚያልቅ ክርክር፤ ከመካከሉ አንድ ሙክት በግ ማንም ሳይጎትተው እየተንጎማለለ ሲመጣ አየን። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። አንዲት ሴት ከምትሸጠው እህል ዘግና አቀረበችለት፣ ቀመሰና አለፈ። አንድ ሽማግሌ ጀርባውን ዳበስ አድርገው፣ በዱላቸው መንገዱን አሳይተው፣ ወደ ገበያው ሌላ ጫፍ ሸኙት። አንገቱ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሯል።

ይህን ከልጅነታችን ስናይ ስላደግን አይተን አናየውም ነበር። ጡሉ ሀድራ በሸለቆው ማዶ ያለች ኮረብታ ናት፤ በየዓመቱ መውሊድ ይወጣባታል። ለዚያ የተሳለ ሰው እንስሳውን ራሱ ነድቶ አይወስድም፤ አረንጓዴ ጨርቅ አስሮ ይለቀዋል። የመጀመሪያው መንደር ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ያሳድረዋል፣ ወደሚቀጥለው ያሻግረዋል፤ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ኮረብታው ላይ ይደርሳል። የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ስለቱን የሚያውቁት የተሳለውና አላህ ናቸው። ሲያልፍ ያየም አያወራም፤ ያወራ ሰው የሌላውን ስለት ቆረሰ ይባላል። መውሊዱ ደግሞ ሐሙስ ነበር፣ በማግስቱ።

መዲና ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ክሩ» አለች። አጥሩ እሾህ ላይ ያገኘነውን ማለቷ ነበር።

ከሚሴ እንደተመለስን በቀጥታ ወደ አያ ሰይድ ቤት ሮጥን። እሳቸው አልነበሩም፤ እናታቸው አኮ ዘይነባ ብቻ ከጓሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሰውን በጥላው እንጂ በመልኩ አይለዩም፣ ቀለም የሚባል ነገር ደግሞ ከነጭራሹ ተሰናብቷቸዋል። መዲና እየተንተባተበች ቦቃ ከመጥፋቱ በፊት አንገቱ ላይ የታሰረ ነገር ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«አንገቱ ላይ አይደለም፣ ቀንዱ ላይ ነው» አሉ ገመዱን ሳያቋርጡ። «ማሰሪያው የቀንዱን ሥር አቁስሎት ዝንብ ሲያስጨንቀው ማታ ማሰሪያውን ፈትቼ እሬት ቀባሁና በጨርቅ አሰርኩለት። ከጥቁሩ ሻሼ ቀድጄ።»

«አኮ፣ ይህን ለአያ ሰይድ ነገሯቸው?»

«ማን ጠየቀኝ? ከጠፋ ጀምሮ እዚህ ግቢ ስንት ሰው ገብቶ ስንቱ ወጣ፤ አንዱ እንኳ አኮ ምን ያውቃሉ አላለም።»

መዲና ሻሹ የት እንዳለ ጠይቃ ከሳጥን አወጣችው። ጥቁር አልነበረም፤ አረንጓዴ ነበር።

ቦቃ አጥሩን ራሱ በርግዶ እንደወጣ፣ ያየውም ሁሉ ስለት መስሎት እንዳሻገረው ስናስረዳቸው አኮ ገመዱን ጣሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ። ማታውኑ ለልጃቸው ነገሩ፤ አያ ሰይድ ተቆጡ፤ የሥጋ ሻጩ ልጅ ተልካ እናቴን አታለለቻት አሉ። እኛ ለጋሽ ይማም ነገርን። እሳቸው ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ እኔ ሄጄ ባመጣው የደበቀው ራሱ ነው ይሉኛል። ባልሄድ ነገ ይታረዳል። እኔ በዚህ በሬ ላይ እጅ የለኝም።» ልክ ነበሩ። ቦቃን ይዞ መምጣት የሚችል፣ ማንም የማይጠረጥረው ሰው ያስፈልግ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አኮ ዘይነባ ለልጃቸው ሳይናገሩ የባለጋሪውን የሁሴንን ጋሪ አስቁመው ወጡ። እናቴን «ልጅሽ ዓይኔ ትሁነኝ» ብለው አስፈቀዱ፤ አኮን እምቢ የሚል አልነበረም። የመዲና እናት ደግሞ ፈቃድ ሲጠየቁ የቋጠሩትን ዕቃ አይተው «ሂጂ» ብቻ አሉ። ሁሴን የት እንደምንሄድ ሲሰማ «አኮ፣ ፈረሴ እኮ የከተማ ፈረስ ነው» ብሎ ነበር፤ አኮም «እንግዲያው አገር ይይ» አሉት።

በየመንደሩ ቆምን። ስለት አይጠየቅምና አኮ በኦሮምኛ ሰላምታውን አስረዝመው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ማሽላው ጠይቀው፣ በመጨረሻ ስለ አንድ የቆሰለ ቀንድ ያነሱ ነበር። ያኔ ፊቱ ሁሉ ይበራል። አንደኛው መንደር አሞሌ አልሰንለታል አለ። ሁለተኛው ገላውን አጥበንለታል አለ። በሦስተኛው አንድ ገበሬ ቦቃ አልጋዬ አጠገብ ነው ያደረው ብሎ በኩራት ነገረን፤ ሚስቱ ከበስተኋላው «እኔ ነኝ ውጭ ያደርኩት» አለች። አንድም ሰው የደበቀ፣ የዋሸ፣ ያፈረ አልነበረም። አንድ ሰንጋ ያን ሁሉ ማሳ፣ ያን ሁሉ በረት አልፏል፤ ከላዩ ላይ የጎደለ ነገር የለም፣ የተጨመረበት እንጂ። እኔ ግን በየደጁ የጠፋውን ጊዜ ነበር የምቆጥረው፤ ፀሐይዋ አናታችንን አልፋ ነበር።

ኮረብታው ሥር ስንደርስ ድቤው ይሰማል። መንዙማው ከላይ ይወርዳል፣ የእንጨት ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ትልልቅ ድስቶች ተደርድረዋል። ከታረዱት የአንዱ ቆዳ መሬት ላይ ተዘርግቶ አየሁ፤ ቀይ ነበር። መዲናም አይታዋለች። ሁለታችንም ስለ ቆዳው ለአኮ ሳንናገር፣ ግራና ቀኝ ይዘናቸው፣ ወደ ቀሩት ከብቶች ሄድን። ቦቃ በሰልፉ ሦስተኛ ነበር። ወፍሯል፤ ቆዳው ያብለጨልጫል፤ አንገቱ ላይ የዛጎል ጌጥ ጨምረውለታል፤ እኛን ሲያይ ምንም አልመሰለውም።

ከብቱን የሚጠብቀው ሰውዬ ሊያስጠጋን አልፈለገም። «ለአላህ የተሰጠ ገመድ አይፈታም» አለ፤ ቢላዋ በእጁ ነበር። አኮ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ መሬት ላይ ተቀመጡና መውሊዱን የሚመሩት ሸህ ካልመጡ አልነሳም አሉ። ሸሁ በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። አኮ እጃቸውን ወደ ቀንዱ እንዲመሩላቸው ጠየቁና ጨርቁን ዳሰሱ። «ያ ሸህ፣ ይህን ያሰርኩት ለቁስል ነው፣ ለስለት አይደለም። እኔ ግራኝ ነኝ፤ ቋጠሮዬ ከሰው ቋጠሮ ይለያል። ከሥሩ እሬት ታገኛላችሁ።» ጨርቁ ሲፈታ እሬቱ ደርቆ፣ ቁስሉ ሽሮ ተገኘ። ሸሁ ጨርቁን መልሰው ሰጧቸውና በሰው ዱላ ላይ አስቋጠሯቸው፤ ቋጠሮው ቅድም ሲፈታ ካዩት ጋር አንድ ነበር።

ሸሁ ብዙ አልተናገሩም። ባለቤቱ ያልሰጠውን አላህ አይቀበልም አሉ። ከዚያ በዙሪያው ለቆሙት፣ በየመንደሩ ቦቃን ላሻገሩት ሰዎች «ሳናውቅ ሰርቀናል፤ ሁላችንም» አሉ። ማንም አልሳቀም። በእጅ እንደመጣ በእጅ ይመለስ፣ እያንዳንዱ መንደር ከራሱ አንድ ምስክር ይጨምር ብለው ፈረዱ። ያን ሌሊት ከሴቶቹ ጋር ኮረብታው ላይ አደርን፤ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ተነሳን።

ከሁሉ የከፋው የመመለሻው መንገድ ነበር። ጠላት መንገድ ቢዘጋብን ይሻል ነበር፤ የዘጋብን ደግነት ነው። እያንዳንዱ መንደር እንግዳ በባዶ አያልፍም ብሎ ይጎትተናል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ቦቃም በየደጁ የለመደውን አሞሌ ሳይልስ አንድ እርምጃ አይሄድም። የሁሴን ፈረስ ማነከስ ጀመረ። በመጨረሻ አኮ ጋሪው ላይ እንዳሉ «ሰዎች! የበላነው ይበቃናል፤ የሰው ስም እየታረደ ነው!» ብለው ጮሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አላስቆመንም። የቦርከናን ድልድይ ስንሻገር የጁምዓ አዛን ከሩቅ ተሰማ። መዲና ከጋሪው ወርዳ ከፊት ከፊታችን በእግሯ ትሄድ ጀመር።

መስጊዱ ደጃፍ ስንደርስ ሶላቱ አብቅቶ ሰው በግማሽ ክብ ቆሞ ነበር። ከመካከሉ ነጭ ጨርቅ ላይ ቁርአኑ አለ። ጋሽ ይማም ተንበርክከዋል። ከእሳቸው ኋላ፣ ከሴቶቹ መካከል፣ የመዲና እናት ፊታቸውን ሸፍነዋል። አልምልም ብለው የነበሩት ጋሽ ይማም ሚስታቸውን አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው ቁርአኑን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ አፋቸው ገና አልተከፈተም።

«ይማም! እጅህን ሰብስብ!»

አኮ ናቸው፤ ጋሪው ላይ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው የማየውን የምነግራቸውን የእኔን ትከሻ ይዘው። ሰው ሁሉ ዞረ። ከጋሪው ኋላ ቦቃ፣ ከቦቃ ኋላ የየመንደሩ ምስክሮች ተሰልፈው መጡ። ጨርቁን ሸሁ ቀንዱ ላይ መልሰው አስረውት ነበር፤ ምስክር ነው ብለው።

አባባ እንድሪስ ያንን ጨርቅ ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ቀስ ብለው ተነሱና «እኔ አይቼው ነበር» አሉ። ያን ጎህ ወደ ሶላት ሲሄዱ ቦቃ በመስጊዱ ጎን አልፏል፤ እሳቸው ጥግ ይዘው አሳልፈውታል፣ ጨርቁንም ስመዋል። አያ ሰይድ «ታዲያ ሳምንት ሙሉ እንዴት ዝም ትላለህ?» ብለው አምባረቁ። ሽማግሌው የመለሱት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ «እናንተ የጠየቃችሁኝ የተሰረቀ በሬ ነው። እኔ ያየሁት ስለት ነው።»

አያ ሰይድ እዚያው ጋሽ ይማም እግር ላይ ወደቁና «አፉ በለኝ» አሉ። ጋሽ ይማም አነሷቸው። ሰው ሁሉ ምን እንደሚሉ ይጠብቅ ነበር። ቦቃን ከቀንዱ እስከ ጭራው አዩትና «ሰይድ፣ በሬህ ወፍሯል፤ አሁንማ ጭራሽ አትሸጥልኝም» አሉ። ሳቁ መንገድ ድረስ ተሰማ። መዲና ግን ሊምሉ የዘረጉትን ቀኝ እጃቸውን እስከ ቤታቸው ድረስ ይዛው ሄደች። ዕቃው ማታውኑ ተፈታ። ቦቃን ግን ከዚያ በኋላ ለማረድ የደፈረ አልተገኘም፤ አያ ሰይድ እያጉረመረሙ ቀንበር አስለመዱት፣ አርጅቶም ሞተ።

በመዲና መጽሐፍ ውስጥ ቦቃን የወሰደው አረንጓዴ ሱሪ የለበሰ ወፍራም ደላላ ነው። ልጃገረዶቹ አሳደው ይይዙታል፣ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል። ደወልኩላት። ይህ ሰውዬ ከየት መጣ አልኳት።

«ጻፍኩት እኮ፤ እንደሆነው አድርጌ ጻፍኩት» አለች። «ክፍል ውስጥ አነበብኩላቸው። ስጨርስ አንዷ እጇን አውጥታ፣ ቲቸር፣ ሌባውን ለምን ደበቅሽው አለችኝ። ሌባ አልነበረም አልኳት። ሳቁ። አንዱ ደግሞ፣ ያን ያህል መንደር ሲያልፍ እንዴት ማንም አይወስደውም አለኝ። ስለ ጨርቁ ነገርኳቸው። ጨርቁን ሌባውም ማሰር ይችላል አለኝ። ምን ልበለው?»

ልኳንዳው የነበረበት ቤት አሁን የሞባይል መጠገኛ ነው። ጋሽ ይማምም፣ አኮም፣ አባባ እንድሪስም የሉም። ያንን መንገድ ለሥራ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ ከብት ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ወሰደው ብዬ ነው፣ መልስም አጥቼ አላውቅም። ጡሉ ሀድራ ላይ መውሊዱ አሁንም ይወጣል፤ ስለቱን ግን በጭነት መኪና ያመጡታል፣ ባለቤቱም አብሮ ይሳፈራል።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ረቂቁን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ደላላው የገባበትን ገጽ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ሰረዝኩት፤ እውነቱ እንደሱ አልነበረምና። ከዚያ እጇን ያወጣችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ተነስቼ ስረዛዬን የማጠፋበት ላጲስ ፍለጋ ሄድኩ።